«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ሰዎች፣ በእውነት ደከመኝ። ከታንዛኒያ ወደ ደሴ ከተመለስኩ ጀምሮ ፒያሳ ብወጣ፣ ሰኞ ገበያ ብሄድ፣ ለቅሶ ቤት ብገባ ጥያቄው አንድ ነው። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከዚያ «ስንት ይከፍሉሽ ነበር?» ይከተላል። የሄድኩት በበጎ ፈቃደኝነት ነው፣ ደመወዝ የለውም፣ ለቤት ኪራይና ለቀለብ የምትበቃ አበል ብቻ ናት ስል የሰው ፊት ወዲያው ይለወጣል። አንዲት የሰፈራችን እናት ቡና ላይ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አሉኝ። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። ያቃጠለኝ እሱ ነው። እኔስ እችለዋለሁ። እናቴ ምን አጠፋችና ታፍራለች?

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አላጣሁትም። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጅዳ፣ ሪያድ ወይ ቤይሩት ልጅ ያልላከ ሰፈር የለም። እነዚያ እህቶቻችን በሰው ቤት እየለፉ ወንድም አስተምረዋል፣ እናት አሳክመዋል፣ ቤት ሠርተዋል። ክብር ይገባቸዋል። ኑሮውም እሳት ሆኗል። ስለዚህ «ውጭ» ሲባል ብር ትዝ ቢላችሁ አልፈርድም። የሚያናድደኝ ብር ካልመጣ ምንም አልመጣም መባሉ ነው። ሰው አገር ተሻግሮ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ሠርቶ ይመለሳል። «ባዶ እጇን መጣች» ተብሎ ወሬው ይዘጋል።

ደግሞ እኮ ያለ ክፍያ ማገልገል ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም! ቅሬ፣ ማለትም የሰፈር እድር፣ የሌለው ማን አለ? ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚያመላልሰው ማን ከፍሎት ነው? በ2013 ክረምት ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ሰው በየቤቱ አስጠጋ። ካለችው እንጀራ ቆርሶ አካፈለ። ያኔ «ስንት ተከፈለህ?» ያለ አልነበረም።

ራቅ ብለን ካሰብንም፣ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አስተማሪ ሆነው ወደ አገራችን መጥተዋል። ደሴም ደርሰዋል። እነሱ ያስተማሯቸው ሰዎች ዛሬ አያት ሆነው መምህሮቻቸውን በፍቅር ያነሳሉ። የመጡትም ሀብት ይዘው አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም ቢሆን የሚሰጠው የኑሮ አበል ነው፣ ደመወዝ አይደለም። አሠራሩ በመላው ዓለም ይኸው ነው። ፈረንጅ ሲያደርገው ቅድስና፣ የደሴ ልጅ ስታደርገው ሞኝነት የሚሆነው ለምንድን ነው?

እኔ የሠራሁት ሞሺ ነው። ኪሊማንጃሮ ሥር ያለች ከተማ ናት። ወጣቶችን ኮምፒውተር አስተምር ነበር። መጀመሪያ ላይ ከበደኝ። የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው ሙቀቱ አይቻልም። ቋንቋው የለኝም። በየቀኑ ኡጋሊ ነው፣ እንደ ገንፎ ያለ ግን ጠጠር የሚል የበቆሎ ምግብ። ማታ አጎበር ውስጥ ገብቼ ያለቀስኩባቸው ቀናት ነበሩ። ወደ ቤት ስደውል ከጎረቤት አንዱ ስልኩን ይቀበልና «እስቲ ትንሽ ነገር ላኪልን» ይላል። «በላሽ ወይ? ለመድሽ ወይ?» የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

ቀጥ አድርገው ያቆሙኝ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ማንም ስላልጠየቀኝ እዚህ ልናገራቸው።

ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። የእነሱ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ከአውሮፓ የመጡት ባልደረቦቼ ስድስት ሲደምሩ፣ ስድስት ሲቀንሱ ግራ ይጋባሉ። እኔ ሰዓቴን መንካት እንኳ አላስፈለገኝም። ይህን ባወቅኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልግለጸው? በማላውቀው አገር መሃል አንድ የማውቀው ነገር አገኘሁ። እናቴ ደሴ ላይ አሥር ሰዓት ሲል ቡና ታቀራርባለች፣ እዚያም አሥር ሰዓት ነው።

ሰላምታቸው ደግሞ አለ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲያገኝ «ሺካሞ» ሳይል አያልፍም። ትልቁም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። የጠዋት መንገዴ ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት ተራ በተራ «ሺካሞ» ሲሉኝ፣ ሌሊቱን ሳለቅስ ያደርኩ ብሆንም እንኳ ቀኑ ይቃናል።

ቡናውማ! ሞሺ ቡና አብቃይ ናት፣ ሰዉ ግን በብዛት የሚጠጣው ሻይ ነው። እኔ ጀበናዬን በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ ሄጄ ነበር። ጥሬ ቡና ከዚያው ገዝቼ አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ቆላሁ። አከራዬ የቡናው ሽታ ስቧቸው ወጡ። ልጆቻቸው ወጡ። የጎን ቤት ሰዎች መጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ አስጠጣኋቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የቡና ቀን ሆነ። አከራዬ በፋንታቸው ምቶሪ ያመጡልኛል፣ ጥሬ ሙዝ ከሥጋ ጋር ተቀቅሎ የሚፈጭ ወፍራም ሾርባ ነው። ስታመም አፌ የተቀበለው እሱን ብቻ ነበር።

ኪሊማንጃሮም እንደኛ እንደ ደሴው ቶሳ ተራራ ነው፣ ቀኑን በደመና ተሸፍኖ ውሎ ማለዳ ወይ ማምሻ ላይ ብቅ ይላል። 5,895 ሜትር፣ ጫፉ በረዶ። ብቅ ባለ ቁጥር ተማሪዎቼ ትምህርቱን አቁመው ወደ መስኮት ይጠሩኛል። እነሱ እኮ እዚያው ያደጉ ናቸው! እኔ ስደሰት ማየት ስለሚወዱ ነው የሚጠሩኝ።

ይዤ የመጣሁት ይኼ ነው። አምስት ደቂቃ የሰጠኝ ካለ በቃሌ እነግረዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በሰፈራችን አንዲት ልጅ ስላለች ነው። ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣለች። የአፍሪካ ኅብረት ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ አድርጎ ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር እንደሚልክ ሰምታ ማመልከት ፈልጋለች። እናቷ እንቢ ብለዋል። ምክንያታቸው እኔ ነኝ። «የእገሌን ልጅ አታይም? ምን ይዛ መጣች?» አሏት። እሁድ እናቷ ዘንድ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ፣ ጀበናዋንም ፎቶዎቹንም ይዤ። የሰፈሬ ሰዎች፣ በዚያ ቀን አብራችሁኝ የምትቀመጡ ከሆነ ያንን ጥያቄ እንዳታነሱብኝ አደራ።