ቅኔ ቆጠራና ችግኝ ቆጠራ

ጮቄ ተራራ ላይ ያገኘን ገበሬ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀን «በሬ ጠፋባችሁ?» ብሎ ነው። ስድስት ሰዎች ነን፤ ዱላ ይዘናል፣ ጭነት የለንም፣ ቀኑም የገበያ ቀን አይደለም። በጎጃም ምድር እንዲህ ሆኖ የሚታይ መንገደኛ ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ለቅሶ ይደርሳል፣ ወይ ስለት ሊያገባ ነው። «የለም አያ፣ ምንም አልጠፋብንም፤ እንዲሁ አገር ለማየት ነው» አልነው። ኩታውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየን። «እንግዲያስ ጥጋብ ነው» አለና ሳቀ። እኛም ሳቅን።

ትዝብቱ ልክ ነው። ለእሱ እግር ገበያ የሚወጣበት፣ ወፍጮ የሚወርድበት፣ ታማሚ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስበት ነው። ቅዳሜን ጠብቆ፣ ጫማ ገዝቶ፣ ለመድከም ብሎ የሚደክም ከተሜ ብቻ ነው። የኛ ስብስብ ከደብረ ማርቆስ ነው፤ መምህራን፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ማኅተም የለንም፣ ባነር የለንም። ያለን የቴሌግራም ግሩፕ፣ አንድ ጥቁር ጀበናና ሁለት ድንኳን ነው፤ ያውም የአንደኛው ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል።

ይህን መጻፌ «ሃይኪንግ» የሚሉት ነገር በየከተማው እየተለመደ ስለመጣ ነው። የሚቋቋመው የእግር ጉዞ ክበብ ሁሉ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ «የተፈጥሮ ጥበቃ» የምትል አንቀጽ አያጣም። አንቀጿ ወደ ሥራ ስትተረጎም ግን ብዙ ጊዜ የምትሆነው አንድ ነገር ነው፤ ክረምት ላይ አንድ ቀን ተመሳሳይ ቲሸርት ለብሶ ችግኝ መትከልና ፎቶ መነሣት። እኔ በዚህ አልስማማም። ተካይ ሞልቷል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ስንት ሕዝብ ወጥቶ ይተክላል። የጠፋው ተመልሶ የሚያይ ነው። ለዚህ ደግሞ ከእግር ተጓዥ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ እሱ አንድን ዳገት ደጋግሞ መውጣት ሥራዬ ብሎ የያዘ ነውና።

ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ለማየት ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ሽቅብ መውጣት ይበቃል። ጮቄ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ፣ ሱሐ የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ሲሆን ሁሉም ዞረው ዞረው ዓባይ ይገባሉ። ላይ ጫፍ ላይ ጅብራው ይቆማል፤ ለዓመታት ቀስ ብሎ አድጎ፣ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ጉደኛ ተክል። ከሥሩ ጓሳው፣ ዝቅ ሲል አስታው፣ አሜጃው፣ ቀርቀሃው። አሁን ግን በየጉዞው የሚታየን ሌላ ነው። የገብስና የድንች ማሳው ዳገቱን እየወጣ ነው። ሰው ሲበዛ፣ መሬት ሲጠብ፣ ወደ ላይ ካልሆነ ወዴት ይኬዳል? ክረምት ሲገባ ጨሞጋ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ያ ቀለም የማን ማሳ እንደሆነ ባለቤቱ ያውቀዋል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ኖሯል። ጳጉሜን 4/2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ማደሪያ አገኘ። አሁን ይዞት የሚገባው ግን ግንድ አይደለም፤ ግንዱማ አልቋል። አፈር ነው የሚገባው።

በነገራችን ላይ ጎጃም የእግር ጉዞ ክበብ ያወቀው ዛሬ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከጎንጅ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ዲማ መምህር ፍለጋ የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ከማናችንም በፊት ይህን አገር በእግሩ ለክቶታል። ቅኔ የሚቆጥር፣ ማለትም የራሱን ቅኔ የሚያዘጋጅ ተማሪ ደግሞ ከጓደኞቹ ነጠል ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ቤት እስኪመታለት ድረስ ከቅጠሉ ጋር ይነጋገራል። ለዚያ ጸጥታ ጽዱም ወይራውም ዋንዛውም መቆም ነበረባቸው። ዛሬም ከሩቅ ሆኖ በተራቆተ ማሳ መካከል ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ያየ መንገደኛ፣ ጉልላቱ ሳይታየው ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ሲነሣ «ሃይማኖቱ ጠበቀው» ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው፤ የታቦት ዛፍ የሚደፍር የለም። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ያ ደን በየቀኑ ይታያል። ማለዳ ቄሱ ያልፍበታል፣ ቀን ተማሪው ይቀመጥበታል፣ ማታ አሮጊቷ ቅጽሩን ተሳልማ ትመለሳለች። አንድ ቅርንጫፍ ብትቆረጥ እስከ ሠርክ ድረስ ወሬው ደብሩን ያዳርሳል። የወል መሬት ላይ የተተከለው ችግኝ ግን ዘመቻው ካለፈ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ቢሞትም ቀባሪ የለው።

ስለ ክበብና ስለ ጥበቃ ካነሣን አይቀር፣ የአውስትራሊያዎቹ ታሪክ ደጋግሞ ይመላለስብኛል። እነሱ «ቡሽዎኪንግ» ይሉታል፤ ጫካ ለጫካ መጓዝ ማለት ነው። በሲድኒ ከተማ አንድ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1914፣ ሌላው በ1927 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1931 የፋሲካ ሰሞን ተጓዦቹ ብሉ ማውንቴንስ በተባለው ተራራማ አገር፣ ግሮስ ሸለቆ ውስጥ ሲሄዱ መሬቱን በኪራይ ከያዘ ገበሬ ጋር ተገናኙ። ገበሬው የቆሙትን ግዙፍ ዛፎች ቆርጦ ለውዝ የሚያፈራ ሌላ ዛፍ ሊተክል አስቧል። ተጓዦቹ አልተሳደቡም፣ ሕግ ጥሰሃል ብለውም አልጮኹበትም። ኪራዩን እንዲለቅ በ130 ፓውንድ ተስማሙ። ጊዜው ሥራ አጥነት ዓለምን ያንገላታበት ዘመን ነው፤ ገንዘቡን ከአባሉም ከወዳጁም እየለመኑና እየተበደሩ አሟሉት። በ1932 ቦታው ጥብቅ ደን ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ በ1959 አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2000 ደግሞ ሰፊው የተራራ ክልል የዓለም ቅርስ ተባለ።

እንግዲህ ያን ያህል የተለፋለት ዛፍ ምን ይመስላችኋል? ባሕር ዛፍ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ከእኛው ነጭ ባሕር ዛፍ ጋር የአንድ ወገን ዘመድ ነው። በምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመጣው፣ ምንጭ አደረቀ፣ ማሳ በላ ብለን የምናማው፣ እያማንም የምንተክለው ያ ዛፍ፣ በአገሩ ሰው ዕዳ የሚገባለት ኖሯል። ይህን ለጮቄው ሰውዬ ባጫውተው ምን እንደሚለኝ አላጣውም፤ «በ130 ፓውንድ እኔ ቆርጬ በላክሁላቸው» ማለቱ አይቀርም።

የሲድኒዎቹን መንገድ እንዳለ መቅዳት ግን አንችልም። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገንዘብ አዋጥተን ቀርቀሃ ልንገዛ፣ ጓሳ ልናስለቅቅ አንችልም። ቢቻልስ ኖሮ፣ ገበሬን ከማሳው በገንዘብ የሚያስነሣ ከተሜ ክበብ እኔ አልቀላቀልም ነበር። ከእነሱ የምወስደው ሌላውን ነው። ዛፉ ሊቆረጥ መሆኑን የሰሙት ከቢሮ በወጣ ሪፖርት አይደለም፤ በእግራቸው እዚያው ተገኝተው ነው። እዚያው ስለተገኙም ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አንድ ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ጋብዞን ከረቡዕ ገበያ በላይ ባለ የወል መሬት ላይ ችግኝ ተከልን። ውኃና ዳቦ ቀረበ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣ። ጥቅምት ላይ ለራሳችን ጉዞ ስንወጣ መንገዳችን በዚያው ነበርና «እስቲ እንያቸው» ተባባልን። ባዶው ጉድጓድ ከለማው ይበዛ ነበር። አንዳንዱ ችግኝ ከነፕላስቲኩ ነው የተቀበረው፤ ሥሩ ተጠቅልሎ ታፍኖ ሞቷል። አንዳንዱን ያለቦታው አምጥተው ተክለውት አመዳይ አቃጥሎታል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለው ዝናቡ ጥሎት ሄዷል። የቀረውን ከብት ግጦታል፤ አጥር የለ፣ ጠባቂ የለ። የማዝነው፣ ከነፕላስቲኩ ከተቀበሩት መካከል የእኔ እጅ የቀበራቸው እንደሚኖሩ ስለማውቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን አጭር ሆነ። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በጥቅምት፣ በጥርና በግንቦት፣ እዚያው ቦታ እንመለሳለን። በጥቅምት ክረምቱን ያለፈው ይታያል፤ በጥር አመዳዩን፣ በግንቦት ደግሞ በጋውንና ልቅ ግጦሹን የተቋቋመው ይለያል። እንቆጥራለን፣ የሞተው በምን እንደሞተ እንጽፋለን፣ ወረቀቱን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ እንሰጣለን። እነዚያ የቆሎ ተማሪዎች ቅኔ ይቆጥራሉ፣ እኛ ችግኝ። ልማት ሠራተኛው መጀመሪያ እንደ ክስ አየው። «እኔን ለማስጠየቅ ነው?» አለን። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ግን ለበላይ የሚያሳየው ማስረጃ አገኘ፤ ኮሶ እንጂ ከቆላ የመጣ ችግኝ አትላኩልኝ ማለት ቻለ።

ነገር ግን ማስታወሻ ደብተር ይዞ መዞር በዚህ ዘመን ቀላል አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በገባው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። ስድስት ሰው ተራራ ላይ ቆሞ ሲጽፍ የሚያየው ሁሉ ሌላ ነገር ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ለረጅም ጊዜ ከከተማው ዳርቻ አልወጣንም፤ ጨሞጋን ዳር ዳሩን ይዘን በጊዜ እንመለስ ነበር። ስለዚህ ቆጠራውን ሰው ለሰው አስተላለፍነው። ከላይኛው ዳገት ያለው ቆጣሪ ዛሬ ከእኛ አንዱ አይደለም፤ ያ «ጥጋብ ነው» ያለን ሰው ነው። ይህ ያልታሰበ ነበር፤ ሳስበው ግን መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት። እኛ ብንመላለስ በዓመት ሦስት ቀን ነው፤ እሱ በየቀኑ ያልፍበታል።

እሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆጥርም፤ ይሞግተናል። «ኮሶ ትከል ትሉኛላችሁ። ኮሶው ለልጅ ልጄ ነው። ባሕር ዛፉ ግን ለአሁኑ ቆርቆሮዬ ነው» አለ አንድ ቀን። መልስ አልነበረኝም። የአዊዎቹ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘመድ እየተከሉ፣ ከሰል እያከሰሉ ኑሯቸውን የለወጡት ማንም ስለ ተፈጥሮ ስብከት ስለሰበካቸው አይደለም፤ ዛፉ ስለከፈላቸው ነው። ያውም የሚተክሉትን የሚመርጡት በኪሳቸው ሒሳብ ነው፤ በሽታ ሲገባበትም የሚጎዱት እነሱው ናቸው። ከተሜ ክበብ ይህን ሒሳብ ሳያውቅ «ባሕር ዛፍ ንቀሉ» ብሎ ቢጮህ የሚሰማው የለም፤ ባይሰማም ተገቢ ነው። የእኛ ድርሻ አነስ ያለ ነው፤ ስንወጣ የበቅሎና የማደሪያ ኪራይ በአግባቡ መክፈል፣ ድንቹን ከማሳው መግዛት፣ ምንጭ አጠገብ ላለው ባሕር ዛፍ ብቻ «ይቺን እንኳ ራቅ አድርጋት» ብሎ መለመን። በአንድ ቦታ ተሳክቶልናል፤ በሌሎቹ አልተሳካልንም።

ሃይላንዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ የሚለውን ደግሞ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ይጻፍ። ተራራ ላይ የምናገኘው ባዶ ፕላስቲክ የገበሬው አይደለም፤ ገበሬው ጠርሙስ ካገኘ ለዘይት ይጠቀምበታል እንጂ አይጥለውም። የእኛ ቢጤዎች ናቸው የሚጥሉት።

ባለፈው ሰሞን ስልክ ተደወለ፤ ከላይኛው ዳገት ነው። ጥጃ አጥር ጥሶ ገብቶ አንዲት ኮሶ ቀንጥቧል፣ ግንዷ ግን ደህና ነው አለ። «ትመጣላችሁ ወይስ አጥሩን እኔው ላጥብቀው?» መንገዱ እንዳልተመቸ ነገርነው። «እንግዲህ እሾኹን ከዚሁ እቆርጣለሁ። ስትመጡ ግን በርበሬ ይዛችሁ ኑ፤ የቡሬውን። እዚህ ብርዱ ላይ አይበቅልልንም።» ፋርማሲስታችን በርበሬውን ገዝታ አስፈጭታለች፤ እቤቷ ተቀምጦ መንገድ ይጠብቃል።