ክዳኑ ድስቱን ገጥሟል? ስለ ሳይንስ መጻሕፍት የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ርዕስ «ለተራው አንባቢ የሚጻፉ የሳይንስ መጻሕፍት ሳይንስን ያስወድዳሉ» የሚል ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት በላሊበላ በአንድ ሆቴል በሒሳብ ሠራተኛነት የሚያገለግሉ አንባቢ ናቸው። የሚቃወሙት በደሴ ለ22 ዓመታት ፊዚክስ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጽሑፎቹ የቀረቡት በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ላሊበላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭር አለች። ቱሪስቱ ሻንጣውን ሰብስቦ ሄደ፤ እኔ ግን በግማሽ ደመወዝ ቢሮ እገባ ነበር። የሚመዘገብ ገቢ ስላልነበረ ዓይኔ እንግዶች ረስተዋቸው በሄዱት መጻሕፍት ላይ ዐረፈ። ከልብ ወለዶቹ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ ሰማይ አካላት ማንም እንዲገባው ተደርጎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ደራሲው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፊዚክስን ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ስሸሸው የኖርኩ ሰው ነኝ። መምህራችን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቀመር ይሞላል፤ ደወሉ ሲደወል አጥፍቶት ይወጣል። አንድም ቀን «ይህ ነገር ይገርማል» ሲል አልሰማሁትም። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ግን በአንድ ገጽ እንዲህ አለኝ፦ ፀሐይ በወርዷ ጨረቃን 400 እጥፍ ትበልጣለች፤ ከእኛ ያላት ርቀትም ከጨረቃ ርቀት 400 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ከምድር ሲታዩ እኩል ይሆናሉ፤ በግርዶሽ ጊዜም ጨረቃ ፀሐይን እንደ ድስት ክዳን ልክክ ብላ ትገጥማታለች። መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሁለቱን ዕድሜዬን ሙሉ ሳያቸው ኖሬ እኩል መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር!

ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ግርዶሹ በላሊበላ ላይ አለፈ። በብየዳ መነጽር ቀና ብዬ የእሳት ቀለበቱን አየሁ፤ ዕንባዬ መጣ። ትምህርት ቤት በአራት ዓመት ያልሰጠኝን አንድ መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ሰጠኝ።

የፊዚክስ መምህሩ፦

የእህታችንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስላላመንኩ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ክዳኑ ድስቱን ልክክ ብሎ ከገጠመ ቀለበቱ ከየት መጣ?

ፀሐይ 400 እጥፍ ትልቅ፣ 400 እጥፍ ሩቅ ከሆነች ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነበረባት። ላሊበላ ያየችው ግን ሙሉ ግርዶሽ አይደለም፤ ቀለበታዊ ነው፤ የፀሐይ ዳር ዳሩ ሳይሸፈን ቀርቷል። መጽሐፉ የነገራቸውና ዓይናቸው ያየው እርስ በርስ ተጣልተዋል፤ እርሳቸው በሁለቱም ተደስተዋል። ሙያቸው ደግሞ ሒሳብ ነው! መዝገቡና ካዝናው አልገናኝ ሲሉ በደስታ የሚያለቅስ የሒሳብ ሠራተኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

የምቃወመው ይህን ደስታ ነው። እነዚህ መጻሕፍት የሚሸጡት የሚያደክመውን ክፍል አውጥተው ነው። ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 የጊዜን ታሪክ በአጭሩ የሚተርከውን መጽሐፉን ሲያወጣ፣ አንድ ቀመር በተጨመረ ቁጥር ገዢው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ እንደተነገረው ራሱ ጽፏል። አንድ ብቻ አስገባ፤ የአንስታይንን። መጽሐፉም በሚሊዮኖች ተሸጠ። ገዢው ይዞ የሄደው ምን እንደሆነ ግን እንጃ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግስ ሳያጠና ቅኔ ልዝረፍ ቢል የሚመልሰው አለንጋ ነው። ደስታው በኋላ ይመጣል፤ ለቆየ ሰው። ያልቆየው ግዕዙን ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ውስጡ የለም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ግዕዝ አልተማሩም። ሰፈራችን በየማለዳው የሚነቃው በእርሳቸው ድምፅ ነበር። «ውስጡ የለም» ብለው ሲጽፉ የማን ልጅ እንደምታነበው አላሰቡ ይሆናል። ከተማረ ሰው ይህን አልጠበቅሁም።

የሆነ ሆኖ፣ መጽሐፉ ያደረገልኝን ልንገርዎት። በዚያ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች የኤክስሬይ ፊልም ይዘው ወጥተው ነበር። ነጥቄ የቀደድኩባቸው እኔ ነኝ። ፊልሙ ዓይን የማያየውን ጨረር እንደማያግድ፣ የዓይን ውስጠኛው ክፍልም ሕመም ሳይሰማው እንደሚቃጠል ያነበብኩት ውስጡ የለም ከተባለው መጽሐፍ ነው። ከሰሌዳ የገለበጥኩት ደብተር ይህን አልነገረኝም።

ቀመር ከሌለ ሳይንስ የለም ካሉ ደግሞ ማይክል ፋራዳይን እጠራለሁ። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገባ። እዚያም ጄን ማርሴት የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1806 ያሳተመችውን፣ ኬሚስትሪን በጭውውት የሚያስረዳ መጽሐፍ አገኘ። ማርሴት የጻፈችው ከሁሉ በፊት ለሴቶች ነበር፤ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ለማይከፈትላቸው። ያ ልጅ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1831 ጄኔሬተር ሁሉ የሚሠራበትን ሕግ ደረሰበት። የሒሳብ ዕውቀቱ እስከ መጨረሻው ደካማ ነበር። በእርስዎ ክፍል ቢቀመጥ ኖሮ ከመቶ ስንት ይሰጡት ነበር?

የፊዚክስ መምህሩ፦

ስለ አባትዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምሳሌ ፈለግሁ እንጂ ሰው አላሰብኩም። ነፍሳቸውን ይማር።

ስለ ክዳኑ ግን አልመለሱልኝም። ከኤክስሬይ ፊልም ተነሥተው ለንደን መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ደረሱ፤ ድስቱን ሳይነኩት አለፉ።

ፋራዳይን ካነሡ አይቀር ሙሉውን ያንሡት። የማርሴትን መጽሐፍ ካመሰገነባቸው ነገሮች አንዱ፣ የተጻፈውን በቻለው መጠን በትንንሽ ሙከራ እየፈተነ እውነት ሆኖ ማግኘቱ ነው። መጽሐፉ ይህ እንዲህ ነው ሲለው ልጁ እስቲ ልየው አለ። እርስዎ የፈተና ጥያቄው ሰማይ ላይ በእሳት ተጽፎልዎት፣ መልሱን ሳይሠሩ አልቅሰው ገቡ። የፋራዳይን ሐሳብም በቀመር ያሰረው የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው፤ ሬዲዮ የተወለደው ከዚያ ቀመር ነው።

ሰሌዳ ስለሚያጠፋው መምህር አንድ ነገር ልበል። እኔ አላስተማርኩዎትም፤ ግን ያ ሰው እኔ ነኝ። 70 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ አንድ ሰሌዳ። የሚያጠፋው የታሪክ መምህሩ በር ላይ ቆመው ስለሚጠብቁ ነው። የተሰበረውን ጠመኔ ከወለል ለቅሞ ኪሱ ይከትታል፤ ነገም ያስፈልገዋልና። ለመገረም የሚተርፍ ደቂቃ ቢኖረው «ይህ ነገር ይገርማል» ይልዎት ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። የጠመኔው ነገርም ሆዴን በላው፤ አልዋሽም።

ነገር ግን መምህር፣ ራስዎ መሰከሩ እኮ። ክፍል ውስጥ ለመገረም ጊዜ የለም ብለዋል። ታዲያ መገረም ከየት ይምጣ? «ደስታው በኋላ ይመጣል፤ ለቆየ ሰው» ያሉትን ልመልስብዎት። በዓመት ስንት ክፍል፣ በክፍል 70 ልጅ፣ 22 ዓመት። ማባዛቱን ለእርስዎ እተዋለሁ፤ ሒሳብ አትችይም ተብያለሁና። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ደስታው እስኪመጣ የቆየው ስንት ነው? ሌላው የት ገባ? እኔ ልንገርዎት፤ እንደ እኔ በየቢሮው ተቀምጧል፤ ፊዚክስ ሲባል ሆዱን ይቆርጠዋል።

ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 የምትዞረው ምድር ናት ወይስ ፀሐይ የሚለውን ክርክር ሲያሳትም በሊቃውንቱ ቋንቋ፣ በላቲን አልጻፈውም። ገበያ በሚነገረው በጣሊያንኛ፣ ያውም በሦስት ሰዎች ጭውውት ጻፈው። እርስዎ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። እኔም ያን መጽሐፍ የቻልኩት የሆቴል እንግሊዝኛ ስላለኝ ነው። አብራኝ የምትሠራው አልጋ አንጣፊ ያን ቀለበት ከእኔ ጎን ቆማ አይታለች፤ «ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርሷ ምን ታንብብ? እንዲያውም መጠየቅ የነበረብን መጻሕፍቱ ያስወድዳሉ ወይ ሳይሆን፣ በአማርኛ የታሉ የሚለውን ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦

ርዕሱን ቀየሩት። በአዲሱ ርዕስ አልከራከርዎትም፤ በአማርኛ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያቃጥለኛልም። ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃላቸው ይዘው ትርጉሙን ስጠይቃቸው ያንኑ ቃል ይመልሱልኛል።

በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡ ርካሽ መጻሕፍት ነበሩ። ያኮቭ ፔሬልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው፣ ፊዚክስን በጨዋታ የሚያቀርብ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ትርጉም እጄ ገባ፤ ልጅ ነበርኩ። ያ ሰውዬ አይለቅም። እያሳቀ ይጠይቅሃል፣ እያሳቀ ያሠራሃል፤ ተሳስተህ ስታበቃ የተሳሳትክበትን ቦታ ያሳይሃል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1942 ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለች በረሃብ ሞተ። ይህን የሰማሁት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን አውጥቼ ስገልጥ አመሸሁ።

ስለዚህ የእኔ ጠብ ከሁሉም መጻሕፍት ጋር አይደለም። አንባቢውን ክዳኑ ላይ አቁሞ ከሚሄደው ጋር ነው። ክዳኑ አሁንም አልተመለሰም። ሦስተኛ ጊዜ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ግስ ያላጠና አለንጋ ይገባው ነበር። አሁን ደግሞ ገና በልጅነትዎ፣ ግሱን ሳያጠኑ፣ እየሳቁ ፊዚክስ የገቡት እርስዎ ሆነው ተገኙ! አለንጋው የት ደረሰ?

ክዳኑን በተመለከተ። ትናንት ቢሮ አምሽቼ የሒሳብ መኪናዬን አወጣሁ። የፀሐይ ወርድ 1,392,000 ኪሎ ሜትር፣ የጨረቃ 3,474። ሲካፈል 400.7። እስከዚህ ድረስ መጽሐፌ ልክ ነው። ርቀቱን ደግሞ እንይ። ፀሐይ በአማካይ 149,600,000 ኪሎ ሜትር፣ ጨረቃ 384,400። ሲካፈል 389.2። አራት መቶ አይደለም! ፀሐይ 400.7 እጥፍ ትልቅ ሆና 389 እጥፍ ብቻ ከራቀች ከጨረቃ ትንሽ ሰፍታ ትታያለች። ክዳኑ ከመቶ ሦስት ያህል ይጎድለዋል። በእኛ ሙያ ይህ ጉድለት ይባላል፤ ያለቀስኩት ለጉድለቱ ነው ማለት ነው።

በዚህም አላቆምኩም። ጨረቃ ስትቀርብ 363,000 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደምትደርስ አነበብኩ። በዚያ ሳካፍል 412 መጣ፤ ያኔ ክዳኑ ከድስቱ ይሰፋል፤ ግርዶሹ ሙሉ ይሆናል። አንዱ ዓመት ቀለበት፣ ሌላው ዓመት ድፍን ጨለማ የሚሆንበትን ምክንያት ማንም ሳይነግረኝ አገኘሁት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ዘበኛው «ገንዘብ ጠፋ እንዴ?» ብሎ በሩን አንኳኳ።

መጽሐፉ አሳስቶኝ ነበር፤ እቀበላለሁ። ግን ወደ ማካፈሉ የላከኝም እርሱ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦

የላክዎት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጠይቄዎት። መጽሐፉማ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎዎት ተቀምጧል።

ሌላም አለ። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ያካፈሉት ግን የዓመቱን አማካይ ነው። በሰኔ መጨረሻ ምድር ከፀሐይ እጅግ የምትርቅበት ወቅት ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንደገና ይሥሩት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

395.4። ጉድለቱ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ግን አለ። ቀለበቱ ቀጭን የነበረው ለዚህ ነው፤ አሁን ትዝ አለኝ፣ እንደ ክር ነበር።

ፔሬልማን እጅዎ ላይ ካለ በላሊበላ አውቶቡስ ይላኩልኝ። ለአልጋ አንጣፊዋ እየተረጎምኩ አነብላታለሁ። ሽፋን ባይኖረውም ግድ የለኝም።

የፊዚክስ መምህሩ፦

ሽፋኑ አለ። ከመላኬ በፊት ግን ጨረቃ በዚያ ጠዋት የነበረችበትን ርቀት ፈልገው ያካፍሉ፤ እስካሁን ያካፈሉበት 384,400ም አማካይ ነው።