ውዳሴ ለሰፈር ሐኪሞቻችን

ባሕር ዳር ውስጥ የሐኪም እጥረት አለ ብሎ የሚያማርር ሰው ከተማዋን ገና አላወቃትም። እንዲህ ያለው ሆስፒታል በር ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ አይቶ ከሆነ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አባይ ማዶ ተሻግሮ ወይም ሹም አቦ ሰፈር ገብቶ ቡና ከሚፈላበት ቤት ቁጭ ቢል ሐሳቡን ይለውጣል። በዚያ ካርድ አይወጣም፤ ደም አይቀዳም፤ ባለጉዳይዋ ሕመሟን ተናግራ ሳትጨርስ አቦሉ ላይ በሽታው ተለይቶ፣ ቶናው ላይ መድኃኒቱ ታዝዞ፣ በረካው ላይ ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ ተነግሯት ታበቃለች።

ይህ ጽሑፍ ያለ ደመወዝ ለሚያገለግሉን ለእነዚህ ሐኪሞች የቀረበ፣ የዘገየ ምስጋና ነው። እውቀታቸው የማይደርስበት ሕመም ባይኖርም፣ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ በሚመጡት ሕመሞች፣ ማለትም ቆዳን፣ መጋጠሚያንና ኩላሊትን በሚያጠቃው ሉፐስ፣ መጋጠሚያን በሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ታይሮይድ ዕጢን በሚያጠቃው ሃሺሞቶና በመሳሰሉት ላይ የሚያሳዩት ድፍረት ነው። ነጭ ጋዎን የለበሰው ሐኪም ለሉፐስና ለመጋጠሚያው ሕመም የሚያዘው የተቆጣውን መከላከያ ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ነው። የእኛዎቹ ግን «ኢሚዩኒቲሽ ደክሟል፤ መጠናከር አለበት» ይላሉ። የጌታውን አጥር የሚያፈርስ ዘበኛ ዱላው ስለቀጠነ ነው ተብሎ ወፍራም ሽመል ሲታደለው አይቶ የማያውቅ ሰው የዚህን አስተሳሰብ ጥልቀት ላይረዳው ይችላል።

ሽመሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው። ለበዓል ከአሜሪካ የመጣች የአክስት ልጅ ሻንጣዋ ሲከፈት፣ ከጫማውና ከሽቶው ሥር ኢኪናሲያ የተባለ አበባ እንክብል፣ ስፒሩሊና የተባለ የውኃ አልጌ ዱቄትና የአልፋልፋ ኪኒን ብቅ ይላሉ። ጠርሙሱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል፤ ቅጠል ያለበት ነገር ደግሞ፣ ኮሶ ሲያሽር ብቻ ሳይሆን ሲገድልም ያየ ሕዝብ ልጆች ብንሆንም፣ ጉዳት የለውም ብለን ከተስማማን ቆይተናል። አልፋልፋን ከብት አርቢዎቻችን ለመኖ ሲዘሩት እናውቀዋለን። ካናቫኒን የተባለው በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር ጦጣዎች ላይ ሉፐስ የሚመስል ሕመም እንዳስነሣ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎችም አልፋልፋ ከወሰዱ በኋላ እንዳገረሸባቸው ተመዝግቧል። ይሁንና ጦጣዎቹ የበሉት በዘመድ እጅ የመጣውን ስላልሆነ ማስረጃው እኛን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ደኅንነቱንም ሆነ ፈዋሽነቱን ለመንግሥት አስመስክሮ ፈቃድ እንዲያገኝ አያስገድድም የሚለውንም ነገር ቢሆን፣ ጨዋ ሰው በበዓል ቀን አያነሣውም።

ከማዘዝ የሚበልጠው ችሎታቸው ግን የሌላውን ሐኪም ትእዛዝ ማረም ነው። ሉፐስ ያለባት ወጣት የመድኃኒት ከረጢቷን ስትፈታ የቤት አከራይዋ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያነብባሉ። «ሃይድሮክሲክሎሮኪን? ይሄማ የወባ ነው! ወባ አለብሽ ተብለሻል እንዴ የኔ ልጅ? ተይው።» መድኃኒቱ በርግጥ ለወባ የተሠራ መሆኑን አላጡትም፤ ሉፐስ እንዳያገረሽ ከሚያደርጉት ዋነኛ መድኃኒቶች አንዱ መሆኑን ብቻ ነው ያጡት። ቀጥሎ የተቆጣውን መከላከያ ኃይል የሚያበርደው ሜቶትሬክሴት ይነሣል። «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት ምን ሊረባሽ ነው? በየቀኑ አድርጊው» የሚሉ ጎረቤት አይጠፉም፤ በሳምንት አንዴ የታዘዘውን ይህን መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ መቅኒን አድክሞ ሰው እስከ መግደል መድረሱ በቡና ማኅበር ደረጃ ገና አልተመከረበትም። በመጨረሻ ፎሊክ አሲድ ሲወጣ ሳቅ ይሆናል። «ይሄ የእርጉዝ ኪኒን አይደለም እንዴ?» ፎሊክ አሲድ የሜቶትሬክሴትን ጉዳት ለማቅለል አብሮ እንደሚታዘዝ ለማስረዳት ፋታ የሚሰጥ የለም። በዚህ ሁኔታ ሐኪሙ አውቆ ያዘዘው ብቸኛው ቫይታሚን በማኅበሩ ውሳኔ ይወገድና ቦታው ሐኪሙ በማያውቃቸው አራት ጠርሙሶች ይሞላል።

የፀጉር ቤቶቻችንን ድርሻ ሳላነሣ ባልፍ ወቀሳ ይሆንብኛል። ሉፐስም ሆነ ታይሮይድ ፀጉር ያሳሳል፤ ፀጉር ሲሳሳ ደግሞ ሹሩባ ሠሪዋ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ታዛለች። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ያህል ሲሆን፣ ከመደርደሪያዋ የምታወርደው ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ነው። ለጋስነት ከዚህ በላይ የት ይገኛል! ይህን ያህል ባዮቲን ደም ውስጥ ሲገባ አንዳንድ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን ያሳስታል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ አስጠንቅቋል። የታይሮይድ ውጤቱ ተዛብቶ ዕጢው ከመጠን በላይ የሠራ ይመስላል፤ ሐኪሙም በሌለ በሽታ ይጨነቃል። ደሟን ልትሰጥ ስትሄድ ባዮቲን እንደምትወስድ ለላቦራቶሪ ባለሙያው መናገር ወይም ሐኪሟ በነገራት ጊዜ አስቀድማ ማቋረጥ ነበረባት ይሉ ይሆናል፤ ነገር ግን የፀጉር ጉዳይ ከላቦራቶሪ ጋር ምን አገናኘው?

ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ ደግሞ ፀሐይ በነጻ ትታዘዛለች። «ቫይታሚን ዲ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወጥተሽ ተቀመጪ» የሚለው ምክር ለብዙ ሰው የማይከፋ ሲሆን፣ ሉፐስ ላለባት ሴት ግን የፀሐይ ጨረር ሽፍታውንም ሕመሙንም የሚቀሰቅስ ስለሆነ፣ ጃንጥላና ረጅም እጅጌ ያዘዘላት ሐኪም ምቀኛ ተብሎ ይታለፋል። ፀሐይ የማትሞቅ ሰው ቫይታሚን ዲ ሊያንሳት እንደሚችል፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን እብጠት የሚያጠፋ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የምትወስድም አጥንቷ እንዳይሳሳ ከካልሲየም ጋር ሊታዘዝላት እንደሚችል እውነት ነው። መጠኑ ግን በቀን ከ4,000 ዩኒት እንዳይበልጥ ለአዋቂዎች የተቀመጠው ጣሪያ፣ ሐኪም ከፍ ያለ መጠን አዝዞ በደም ምርመራ ካልተከታተለ በቀር፣ ከንቱ አልነበረም፤ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ሉፐስ ራሱ ኩላሊት የሚወድድ በሽታ መሆኑን ስናስብ፣ «ቫይታሚን አይበዛም» የሚለው የሰፈር ሕግ ለበሽታው የተደረገ መስተንግዶ ይመስላል።

ታይሮይዷ ለደከመ ወይዘሮም የዘጌ ቡና ከኪኒኗ ጋር ይቀርብላታል። የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካው ሊቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ፣ ቡናውም ቁርሱም ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቢቆዩ፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒንም አራት ሰዓት ያህል ቢለያዩ መድኃኒቱ በደንብ ይገባ ነበር። ግን ቡና ቀርቦላት ቆይ የምትል ሴት የማን ልጅ ናት?

አገር በቀሉንም አልረሳሁም። ሺፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ እርድ፤ ከሐይቃችን እንቦጭ በስተቀር ደርቆና ተፈጭቶ ያልታሸገ ነገር የለም፤ እንቦጩም ቢሆን የዘገየው ገዢ የሚጠራ ስም ስላልወጣለት ይመስለኛል። እርድ በአልጫ ውስጥ ሳለ ማንንም አልጎዳም። ተጨምቆ፣ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በእንክብል ሆኖ በየቀኑ ሲዋጥ ግን ጉበት የጎዳበት ጊዜ አለ፤ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ጉበቱ በደም ምርመራ የሚጠበቅ ነው። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን ለሚወስድም ነጭ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ሲገባና ተጨምቆ በእንክብል ሲመጣ አንድ አይደለም፤ የኋለኛው መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከበረው «በሦስት ቀን ያስነሣል» የሚባልለት የመጋጠሚያ ዱቄት ነው። በርግጥም አንዳንዱ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ለመጋጠሚያ ሕመም በሚሸጥ አንድ የምግብ ማሟያ (ሰፕልመንት) ውስጥ ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፉ ዴክሳሜታዞንና የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ አግኝቶ ነበር። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ስለሆነ እብጠቱን ያጠፋል፤ ስሙ ስላልተጻፈ ግን በሽተኛዋ ከፕሬድኒሶሎኗ ጋር ደርባ እየወሰደችው መሆኑን አታውቅም፤ ዱቄቱ ሲያልቅና በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ከኩላሊቷ በላይ ያለው የራሷ ዕጢ ይህን መሰል ሆርሞን ማምረቱን ትቶ ስለቆየ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ድካም ሊጥላት ይችላል። የሰፈር ሐኪሞቻችን ለዚህም መልስ አላቸው፤ ሌላ እሽግ ያመጣሉ።

ይህ ሁሉ የሚያምረው ምስጢሩ ሲጠበቅ ነው። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ ምንም» ማለት ከትውልድ የወረስነው ጨዋነት ነው፤ ጠርሙስ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም፣ ቅጠልም አይቆጠርም። በቅርቡ ግን አንዲት የእኛው ሰፈር ሴት ይህን ጨዋነት አፈረሰችው። ያሉትን ጠርሙሶችና ብልቃጦች ሁሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል ከትታ ወደ ክትትል ቀጠሮዋ ሄደችና ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ሐኪሟና የፋርማሲ ባለሙያው እየለዩ ፎሊክ አሲዱንና በልክ የታዘዘላትን ቫይታሚን ዲ መልሰው ሰጧት፤ የቀረውን አስቀሩባት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሲመጣላት «መጀመሪያ ለሐኪሜ ላሳየው» ትላለች፤ የምትጀምረውንም አንድ በአንድ እንጂ ሦስቱን በአንድ ቀን አትጀምርም።

ቡና ማኅበሩ ተቀይሟታል። ውለታ የማታውቅ ተብላ ከታካሚነት ተሰርዛለች፤ ነጻ የወጣው እውቀትም ያለ ሥራ እንዳይቀመጥ ከእሷ ቤት አጠገብ ወደሚኖረው፣ መከላከያ ኃይሉ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎቹን አጥፍቶበት በኢንሱሊን ወደሚኖረው ተማሪ ዞሯል። ኢንሱሊኑን የሚያስጥለው ቅጠልም ከሐሙስ ጀምሮ ጣሪያ ላይ ተሰጥቷል።