ጴጥሮስ ከማዕዱ ባይነሳ ኖሮ

ሰሞኑን ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ክርስቲያኖች ስለ ጻፈው መልእክት የተደረገውን የቴሌቪዥን ውይይት የተከታተለ ያስታውሳል። አወያዩ ምሁራን ምን እያሉ እንደሚከራከሩ ሲጠይቅ መምህሩ ፈገግ ብለው መለሱ። «ገላትያን ለመረዳት ምሁር አያስፈልግም። አይሁድ በመልካም ሥራቸው ሊጸድቁ ፈለጉ። ጳውሎስ ደግሞ ሕግ ሞቷል፣ ማመን ብቻ ይበቃል አላቸው። አለቀ።» ታዳሚው አጨበጨበ።

እኔን ያበሸቀችኝ «አለቀ» የምትለዋ ናት። ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ደብዳቤ፣ ስንቱ ሊቅ ራሱን ያዞረበት ደብዳቤ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ!

በተለይ ያቺ «አይሁድ በመልካም ሥራቸው ሊጸድቁ ፈለጉ» የምትለዋ ከየት መጣች? ከመልእክቱ አንድ ጥቅስ ያምጡልኝ። ጳውሎስ ያዙኝ ልቀቁኝ ያለው ድሃ አብሉ፣ አትስረቁ፣ ወላጅ አክብሩ ባሉ ሰዎች ላይ ነው እንዴ? ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን «ካልተገረዛችሁ» ባሉት ላይ ነው። ንዴቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። በአብዛኞቹ ሌሎች መልእክቶቹ ከሰላምታ ቀጥሎ ምስጋና ያስገባል። እዚህ ምስጋና የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ወደ ወቀሳ ነው የገባው። ምዕራፍ 5 ላይ ሲደርስማ እነዚህ መገረዝ መገረዝ የሚሉ ሰዎች ጨርሰው ይቆረጡ እስከ ማለት ሄዷል።

አሁን ምዕራፍ 2ን አውጡ። ቁጥር 16ን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፤ ሰው በእምነት እንጂ በሕግ ሥራ አይጸድቅም። ከቁጥር 11 ጀምሮ ያለውን ግን ማን ያነባል? ቦታው አንጾኪያ ነው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ከመጡት ምእመናን ጋር አብሮ ይበላል። ከዚያ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ከነበረው ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ይመጣሉ። ጴጥሮስ የተገረዙትን ይፈራና ከማዕዱ ቀስ ብሎ ይሸሻል። የቀሩትም አይሁድ ይከተሉታል፤ በርናባስ ሳይቀር። በርናባስ! ከጳውሎስ ጋር አገር ለአገር እየዞረ አሕዛብን ያስተማረው ሰው። በዚህ ጊዜ ጳውሎስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ይወቅሰዋል።

እስቲ ንገሩኝ፤ ጴጥሮስ እዚህ ምን የስህተት ትምህርት አስተማረ? «በጎ ሥራ ሠርቼ መንግሥተ ሰማያትን አገኛለሁ» አለ? ምንም ሲል አናነብም። ከማዕድ ተነሳ፤ በቃ። ጳውሎስ ግን ያችን መነሳት የወንጌልን እውነት እንደ መጣስ ቆጠራት። ያ ዝነኛ ቁጥር 16 የመጣው ከዚህ ወቀሳ ተያይዞ ነው፤ የገበታው ጠብ ገና ሳይበርድ። ታዲያ «የሕግ ሥራ» ሲል ምን እያሰበ ነበር? ፊቱ ያለውን ነዋ! ማን ተገርዟል፣ ማን ንጹሕ ነው፣ ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለውን። ከዚያ ምዕራፍ 3 ላይ አብርሃምን ያነሳል፤ አሕዛብ ሁሉ በአንተ ይባረካሉ የተባለውን አብርሃምን። ቀጥሎ አይሁዳዊ የለም፣ የግሪክ ሰውም የለም ይላል። ክርክሩ ሲጓዝ የነበረው ወደዚህ ነው። ሁለት ገበታ አይኖርም። ይህን የማያይ ሰው ምዕራፉን አንብቤዋለሁ ባይል ይሻለዋል።

ማስረጃው ከመልእክቱ ውጭም አለ። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ1994 በይፋ የታተመ አንድ የጥንት አይሁድ ጽሑፍ ስለ «ሕግ ሥራዎች» ያወራል። ዝርዝሩን ብታዩት ስለ መሥዋዕትና ስለ ንጽሕና ነው። ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚፈስ ፈሳሽ ርኩሰት ያስተላልፋል ወይ? ውሻ ኢየሩሳሌም ውስጥ ይግባ ወይስ አጥንት ሊበላ ስለሚችል ይከልከል? አንዱን ወገን ከሌላው የለየው እንዲህ ያለው ጉዳይ ነበር።

ይህን ንባብ «አዲስ ፈሊጥ ነው» የሚሉም አልጠፉም። እውነት ነው፣ ኢ. ፒ. ሳንደርስ የተባለው የአዲስ ኪዳን ምሁር የጳውሎስን ዘመን የአይሁድ ጽሑፎች አገላብጦ አይሁዳዊ ወደ ኪዳኑ የሚገባው በእግዚአብሔር ጸጋ ነው፣ ሕጉን የሚጠብቀውም በዚያው ለመኖር ነው ብሎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሌላው ምሁር ጄምስ ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ባደረገው ንግግር ለዚህ ዓይነቱ የጳውሎስ ንባብ «አዲሱ ዕይታ» የሚለውን ስም አስለመደ። ግን የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሮኒሞስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገላትያን ሲተረጉም «የሕግ ሥራ» የተባለው ግዝረቱ፣ ሰንበቱና የመሳሰለው ሥርዓት ነው ብሎ ነበር። እንዲያውም እሱና ሌላው አባት አውግስጢኖስ በዚያው በአንጾኪያው ጠብ በደብዳቤ ተናቁረዋል። ሄሮኒሞስ ሁለቱ ሐዋርያት ሆን ብለው ያደረጉት ማስመሰል ነው ሲል፣ አውግስጢኖስ ጴጥሮስ በእርግጥ ተሳስቷል ብሎ ፍንክች አላለም። ስለዚያ ገበታ ድሮም እንቅልፍ ያጡ ነበሩ ማለት ነው።

ያ የመምህሩ ንባብ ግን መልኩን ያገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የተሐድሶው መሪ ሉተር ይህን መልእክት ከመውደዱ የተነሳ በሚስቱ ስም «የኔ ካቲ ቮን ቦራ» ይለው ነበር። ፍቅሩ ይገባኛል። ጠቡ ግን ከሮማው ጳጳስ ጋር ነበር፤ የራሱን ጠላቶች ልብስ ለጳውሎስ ተቃዋሚዎች አልብሶ ሄደ። እኛም ያንኑ ልብስ ይዘን አይሁድን እናማለን።

3፥10 ላይ በሕግ የተጻፈውን ሁሉ የማያደርግ የተረገመ ነው የሚለው ጥቅስ ይነሳብኛል፤ አውቃለሁ። «ሁሉ» የሚለው ቃል ከግዝረትና ከማዕድ ያለፈ ስለሚመስል ለኛ ወገን ከባዱ እሱ ነው። ግን አንድ ከባድ ጥቅስ አንጾኪያን ከካርታ አያጠፋም።

«ሕግ ሞቷል» የምትለዋ ደግሞ ትገርመኛለች። ጳውሎስ «ለሕግ ሞቻለሁ» ነው ያለው፤ የሞተው እሱ ነው። 5፥14 ላይ ሕግ ሁሉ በአንድ ቃል ይፈጸማል ብሎ ያንን ቃል ይጠቅሳል፤ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ። ቃሉን ያመጣው ከዘሌዋውያን 19፥18 ነው። መምህሩ ከቀበሩት ሕግ መካከል!