ቀዳኸኝ፣ ቀዳኸኝ

ነገሩ የተጀመረው እናቴ ስለደወለች ነው።

አዝማሪ ቤት ነኝ። ማሲንቆው ተቃኝቷል። አዝማሪው ትዝታ ጀምሮ ቤቱን ጸጥ አድርጎታል። እኔ ስልኬን ከቢራ ጠርሙስ ጋር አስደግፌ እቀርጻለሁ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በሚነቀንቅባት ሰዓት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንዘረዘረ። «እማዬ» ይላል። ቀረጻው ተቋረጠ። ባነሳው ነውር፣ ባላነሳው ሌላ ጣጣ። አነሳሁት።

«የት ነህ? የምን ጩኸት ነው?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

አዝማሪው ሰማኝ። ቀጥሎ የመጣውን ግጥም እዚህ አልጽፈውም።

በነጋታው የቀረጽኩትን ከፍቼ ሰማሁ። እናቴ ባትደውልም ዋጋ የለውም ነበር። ስልክ ለወሬ ነው የተሠራው። ቤቱ ጸጥ ሲል ድምፅ ፍለጋ ጆሮውን ያቆማል፤ ከበሮ ሲመታ ደንግጦ ጆሮውን ይይዛል። ስለዚህ ከበሮው «ድም» ባለ ቁጥር ዘፋኙ ይሰምጣል። ቀስ ብሎ ብቅ ሊል ሲል ደግሞ «ድም»። አንድ ሰው ውኃ ውስጥ እየተደፈቀ የሚዘፍን ይመስላል።

«ለምን ቁጭ ብለህ አትሰማም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው። ግን ካዛንቺስ የስንት ምሽታችን ቤት ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እነዚያ ቤቶችም አብረው ሄዱ። የትኛው ቤት ለከርሞ እንደሚኖር ማን ያውቃል? አዝማሪ ደግሞ ትናንት የገጠመውን ዛሬ አይደግምም። አንዴ ካለፈህ አለፈህ። ስለዚህ ደህና መቅረጫ ልግዛ ብዬ ቆረጥኩ። ርካሽ፣ ቀላል፣ ኪስ የሚገባ።

ለነገሩ መቅረጽ በቤታችን አዲስ አይደለም። አባቴ ቴፕ ነበረው። ለመቅረጽ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል፤ አንደኛዋ ላይ ቀይ ነጥብ አለች። አዲስ ባዶ ካሴት መግዛት ብክነት ስለነበር የተዘፈነበት ካሴት ላይ ይቀረጻል። እንዳይቀረጽበት ታስቦ አናቱ ላይ የተሰበረችዋን ቀዳዳ በወረቀት መጠቅጠቅ ነው፤ አለቀ። የአክስቴ ሠርግ የተቀረጸው እንዲህ ነው። ካሴቱ ባለ 90 ነበር፣ 45 ደቂቃ በአንድ ፊት። ልክ ሙሽራዋ ስትገባ ፊቱ አለቀ። አባቴ ገልብጦ እስኪከት ሙሽራዋ ተቀምጣለች። በእኛ ዘመድ ዘንድ አክስቴ ገና ደጅ ላይ ናት።

ከዚያ በፊት የነበሩት ይባስ ነው የለፉት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘፈናቸው በሸክላ የተቀረጸው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመን ሄደው ነው። ያኔ ዘፋኙ ነበር ወደ መሣሪያው የሚሄደው። እኔ መርካቶ ብቻ ነው የሄድኩት።

«ሪከርደር አለ?» አልኩት ባለሱቁን።

«ምን ዓይነት?»

«ዙም።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ለስብሰባ ነው?»

«አይ፣ ለሙዚቃ።»

«ወንድሜ፣ ዙም እኮ ስልክ ላይ ነው የሚጫነው። ነፃ ነው። ከፈለግክ በ50 ብር እጭንልሃለሁ።»

ዙም የሚባል የጃፓን የሙዚቃ ዕቃ ሠሪ እንዳለ፣ ከስብሰባው ዙም ጋር ዝምድና እንደሌላቸው ላስረዳው ሞከርኩ። ልጁ ግን ነጋዴ ነው። የሌለውን ከሚሰማ ያለውን ቢሸጥ ይሻለዋል። ደረት ላይ የምትሰካ ገመድ አልባ ማይክ አወጣ። «አሁን ቲክቶክ ላይ የምታየው ሁሉ በዚች ነው። ሁካታ ታጠፋለች።»

ሁካታ ታጠፋለች ያለው አልዋሸም። አዝማሪው ደረት ላይ ሰክቼ ሞከርኳት። የአዝማሪው ጉሮሮ ጥርት ብሎ ገባ። ማሲንቆው የለም። ማይኳ የተሠራችው የሰው ንግግር እንድትይዝ፣ ሌላውን እንድታስወግድ ነው። ማሲንቆን ከቬንቲሌተርና ከመኪና ጡሩንባ ጋር ደምራ ጠርጋ አውጥታዋለች። አዝማሪው ብቻውን፣ ያለ ማሲንቆ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የሚለምን ይመስላል።

በዚያው ጉዞ የገዛኋት ሚሞሪ ካርድማ ራሷን የቻለች ታሪክ ናት። ባለ 512 ጊጋ፣ በምሳ ዋጋ። ምሳም ሲባል የጾም በያይነቱ። እንዲህ ያለው ካርድ ባለ 512 ነኝ ብሎ ኮምፒውተሩን ሳይቀር ያሳምናል። እውነተኛ ሆዱ ግን 8 ጊጋ ናት። እሷ እስክትሞላ ምንም አትጠረጥርም። ከሞላች በኋላ ያስገባኸውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ ይቀበልሃል፤ የትም አያስቀምጠውም። እንዲህ ያለ ዘመድ ሁላችንም አለን። የምትሰሙኝ ከሆነ፣ ካርድ ስትገዙ እስከ አፍንጫው ሞልታችሁ፣ መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። 32 ጊጋ እውነተኛ ከ512 ጊጋ ተስፋ ይበልጣል።

አንድ የሳውንድ ሥራ የሚያውቅ ጓደኛዬ «ለምን ከሚክሰሩ ላይ ገመድ ስበህ አትቀዳም?» አለኝ። ትልቅ መድረክ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሚክሰር፣ ያ ማይኩና መሣሪያው ሁሉ ተሰክቶ ድምፁ የሚደባለቅበት ዕቃ፣ የሚያውቀው የተሰካበትን ብቻ ነው። ሕዝቡ አይሰካም። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ «ተቀበል!» የሚለው ሰካራም፣ ሁሉም ይቀራል። አዝማሪ ቤት ያለ «ተቀበል» ደግሞ ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ ነው። ደግሞስ የምናመሽበት ቤት ሚክሰር መች አለውና።

በመጨረሻ የፈለግኩትን አወቅኩ። ሁለት ማይክ አናቷ ላይ የተገጠመላት፣ ግራና ቀኙን ለይታ የምትሰማ። የባትሪ ድንጋይ የምትበላ፤ መብራት ቢጠፋ ከኪዮስክ የሚገዛ። ማይክሮ ካርድ የምትቀበል። ወፍራም የማይክ ገመድ መሰኪያ ያላቸው ትልልቆቹ ያምራሉ፤ ግን እኔ ኦርኬስትራ የለኝም፣ አንድ ማሲንቆ ነው ያለኝ። ትንሿ ዙም ኤች ዋን በ2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትወጣ 99 ዶላር ነበረች። የ2024ቷ ታናሿም ስትወጣ 100 ዶላር አካባቢ ነበረች። እሷ ደግሞ 32 ቢት ፍሎት የሚባል ጸባይ አላት። ባጭሩ፣ ከበሮው ቢጮህ ድምፁ አይቀደድም፤ ቤት ገብተህ ዝቅ ታደርገዋለህ። እንዲህ ካሉት በፊት የነበረው ዘዴ ገና ሳይጀመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቅረጽና ቀይ መብራቷ እንዳትበራ መጸለይ ነበር።

ታዲያ በማን ትምጣ? የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ይመጣ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ የሱ አይደለም፤ የቤተ ዘመድ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ 23፣ 23 ኪሎ። ቫይታሚን፣ የስኳር መለኪያ፣ የአንዱ ጫማ፣ የሌላዋ ሽቶ። «ያንተ ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ በስልክ። «ከሳሙና ትቀላለች» አልኩት። እሱ ሳሙናም ይዞ ይመጣ ነበር።

መጣች። ባለቤቴ እያገላበጠች አየቻት። «ይቺ ፀጉር መላጫ የምትመስለው ናት? ስንት ነች?»

«5 ሺህ 700።»

አልዋሸሁም። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ባንክ ቤት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። 100 ዶላር ስንት ነው? አስሉት። ከዚያ ወር በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የነገርኳት ዋጋ ትክክል ነው፤ ትንሽ ቆየት ያለ ነው እንጂ። ታሪክ መናገር ውሸት አይባልም።

ቅዳሜ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ቀደም ብለን ሄድን። አዝማሪው ከሚቆምበት አራት ሜትር ያህል ርቀን ጠረጴዛ ያዝን። ጠርሙስ ሲቀመጥ የሚያሰማው ኳኳታ እንዳይገባ ሻርፔን አጣጥፌ ከሥሯ አነጠፍኩ። በመስኮቱ ነፋስ ስለሚገባ የልጄን ካልሲ አናቷ ላይ አለበስኳት። አሁን ነው የተነቃብኝ። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ቆሞ ያያል። «ጋሼ፣ ይሄ ካልሲ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ አስተናጋጇ፣ በጣቷ እየነካችው።

አዝማሪው ተነሳ። እንዲህ ያለ ምሽት አይቼ አላውቅም ይላሉ ያዩት ሰዎች። እኔ አላየሁም። ቁጥሩን ነበር የማየው። ባትሪው ስንት ቀረ? ካርዱ ስንት ደቂቃ ይዟል? በ32 ቢት ፍሎት አንድ ደቂቃ ከ20 ሜጋ በላይ ይበላል፣ ሦስት ሰዓት ወደ 4 ጊጋ ነው፤ ይህንን ለጓደኛዬ አስረዳሁት። ማሲንቆው ሲያለቅስ ስለ ማይኮቹ አቀማመጥ አስረዳሁት። እስክስታ ሲወርድ ስለ 32 ቢቱ አስረዳሁት። ጓደኛዬ ጨዋ ሰው ነው፤ «እህ፣ እህ» ይላል፣ ትከሻው ግን ወደ መድረኩ ነው።

ለካ አዝማሪው ከመጀመሪያው አይቶኛል። እየከረከረ መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ቆመ። ካልሲዋን አየ። እኔን አየ። ማሲንቆውን ሳብ አደረገና፦

«አመሻሹን ሁሉ ቀዳኸኝ፣ ቀዳኸኝ፣
አንድ ብርሌ እንኳ መች ቀድተህ ሰጠኸኝ።»

ቤቱ ፈነዳ። ሰው ጠረጴዛ ደበደበ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው ተነሱ፦

«እግሩ አይነቃነቅ፣ እጁ አያጨበጭብ፣
ቀይ መብራት ሲጠብቅ አመሸ እንደ ዘብ!»

ጠጅ አዘዝኩለት። ግንባሩ ላይ 200 ብር ለጠፍኩ። ለ200 ብርም ግጥም ነበረው፤ እሱንም አልጽፈውም።

እሑድ ጠዋት ቡና እየተፈላ መቅረጫዋን ከስፒከሩ ጋር አገናኘኋት። ባለቤቴ ረከቦቱ ጋ ናት፤ እንድትሰማልኝ ጠርቻታለሁ። ጀመረ። እውነት ለመናገር ድንቅ ነው። የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲነካ ይሰማል። የብርሌ ኳኳታ ከግራ፣ እልልታ ከቀኝ። ባለቤቴ እንኳ ሲኒውን አስቀመጠች።

ከዚያ አንድ ሰው ማውራት ጀመረ። ከማሲንቆው በላይ፣ ከከበሮው በላይ። ድምፁ አይቀደድም፣ አይሰምጥም፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይቆጠራል።

«ማነው ይሄ ሰውዬ? አያፍርም?» አለች።

ከአዝማሪው እስከ ማይኳ አራት ሜትር ነበር። ከእኔ አፍ እስከ ማይኳ አንድ ክንድ። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም።

ወደፊት ላሳልፈው እጄን ሰደድኩ። ግጥሙ ጋ ልድረስና ሳቋን ላሰማት ብዬ ነው። ቸኩዬ ትንሽ ቀደም ያለው ላይ አረፍኩ። አዝማሪው ወደ ጠረጴዛችን እየቀረበ ነው፤ ማሲንቆው እየጎላ ይመጣል። ፊት ለፊቱ የእኔ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ዜና አንባቢ፦

«ለሷ 5 ሺህ 700 ነው ያልኳት። ከነካርዱ ከነምኑ 15 ሺህ አልፏል ባክህ።»

ማሲንቆው ቀጠለ። «አመሻሹን ሁሉ» አለ አዝማሪው። ቤቱ ፈነዳ። እኛ ቤት የሳቀ የለም። ጀበናው ገነፈለ፤ የሚያነሳው አልነበረም።

ባለቤቴ ስፒከሩን ትንሽ አየችው።

«ጥራት ግን አለው» አለች።