ዴንማርካዊውን ገበሬ በሐሰት አታስመስክሩት

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማርች 1 ቀን 2025 እንግሊዝኛን የአሜሪካ ይፋዊ ቋንቋ ያደረጉበትን ትእዛዝ የሚደግፉ ሰዎች ከእኛው መካከልም አልጠፉም። መደገፍ መብታቸው ነው፤ የሚጠሩት ምስክር ግን አናደደኝ። ሰሞኑን አንድ ወገናችን በአማርኛ የራዲዮ ውይይት ላይ ቀርበው፣ አዮዋ ውስጥ ኤልክ ሆርን የምትባለውን የዴንማርካውያን ከተማ ጎብኝተው መመለሳቸውን ከነገሩን በኋላ፣ «እነዚያ ሰዎች አንድ ሣጥን ብቻ ይዘው መጡ፤ ከመንግሥት ሰባራ ሳንቲም ሳይቀበሉ ሜዳውን አለሙ፤ በዓመቱ እንግሊዝኛ ለምደው አሜሪካዊ ሆኑ፤ የእኛ ሰው ግን ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ያስተምራል» ሲሉ ወቀሱን። በከተማዋ የነፋስ ወፍጮ ፊት ፎቶግራፍ መነሣታቸውንም አልሸሸጉንም።

እንግዲያውስ ከወፍጮው ልጀምር። ወፍጮው በ1848 ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)፣ የኤልክ ሆርን ነዋሪዎች በ1976 አስፈትተው፣ ባሕር አሻግረው አስመጥተው፣ መልሰው የገጣጠሙት ነው። ይህን ያደረጉት በዓመቱ ሌላ ሰው ሆኑ የተባሉት ስደተኞች ዘሮች ናቸው። የአባቶቹን አገር እርግፍ አድርጎ የተወ ሕዝብ 60 ጫማ ቁመት ያለው ወፍጮ ከአትላንቲክ ማዶ አያስጭንም። ወገናችን የተነሡት ፎቶግራፍ በራሳቸው ላይ የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

«ሰባራ ሳንቲም ሳይቀበሉ» የተባለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ዴንማርካዊው ቤተሰብ ፕሬይሪ ወደሚባለው ዛፍ አልባ የሣር ሜዳ የሄደው ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ ስለጠራው ነው። ሕጉ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት፣ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰው ሰው በጥቂት ዶላር የመዝገብ ክፍያ ይሰጥ ነበር። አገሩ ሳለ የሰው ማሳ ላይ ተቀጥሮ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ይህን ያህል መሬት ከመንግሥት እጅ ተቀብሎ «ምንም አልተሰጠውም» የሚባል ከሆነ፣ መስጠት የሚለው ቃል ምን ሊቀረው ነው? በ1874 አንበጣው የሜዳውን እህል ግጦ በጨረሰ ጊዜም ኮንግረስ ለዘር ገንዘብ መድቧል፤ ሠራዊቱም ካፖርት፣ ጫማና ብርድ ልብስ አድሏል። እንዲህ ያለውን እርዳታ ዛሬ የሚቀበል ስደተኛ ምን ተብሎ እንደሚሰደብ ወገናችን ከእኔ በላይ ያውቁታል። መሬቱም ቢሆን ባለቤት ያጣ አልነበረም፤ ዴንማርካውያን በ1871 ዳነብሮግ የተባለችውን ከተማ ከቆረቆሩበት የነብራስካ ግዛት ምድር፣ ከሉፕ ወንዝ አካባቢ፣ ነባሮቹ ፓውኒዎች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ተገፍተው ሄደዋል።

መከራ አላዩም የሚል ሰው የለም። እንጨት በሌለበት ሜዳ ቤቱ የሚሠራው ሣሩ ከነሥሩ በማረሻ እየተገመሰ በሚወጣ ጓል ነበር። ጓሉ ሣሩ ወደ ታች ተደፍቶ እንደ ጡብ ይደረደራል፤ ጣሪያውም ያው አፈር ስለሆነ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃው ይንጠባጠባል፤ እናትየዋም አፈሩ፣ አንዳንዴም እባቡ፣ ከነሕይወቱ ድስቷ ውስጥ እንዳይወድቅባት ከምድጃው በላይ አቡጀዲ ትወጥራለች። የምታነደው የተገመደ ድርቆሽና የደረቀ ኩበት ነው። (ኩበት ስትጠፈጥፍ ያደገች የአገሬ ሴት ይህን ኑሮ ለመረዳት ሙዚየም መሄድ አያስፈልጋትም።) ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ድንገት የተነሣው የበረዶ ማዕበል ደግሞ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ብዙ ሕፃናትን ሜዳ ላይ አስቀርቷል። ለዚህ ሁሉ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን የእነዚያን እናቶች ዕንባ አርጩሜ አድርጎ ሌላውን ስደተኛ መግረፍ ነውር ነው።

ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ጉዳዬ እሱ ነውና። መሬት ለማስመዝገብ ስደተኛው ዜጋ የመሆን ሐሳብ እንዳለው በሕግ ፊት አስታውቆ ወረቀቱን ከያዘ ይበቃው ነበር። አምስት ዓመቱ ሲሞላ ሁለት ምስክሮች ይዞ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል፤ እነርሱም በቦታው መኖሩንና ማረሱን ያረጋግጡለታል፤ በዳነብሮግ ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ምስክር የሚሆኑት ጎረቤቶቹ ያው እንደ እርሱ ዴንማርካውያን ናቸው። የሆምስቴድ ሕግ እስቲ እንግሊዝኛህን አሰማን አላለውም። እንግሊዝኛ መናገር ለዜግነት ግዴታ የሆነው በ1906 ነው፤ ያውም ዳነብሮግ ከተቆረቆረች ከ35 ዓመት በኋላ። ነብራስካማ ዜጋ የመሆን ሐሳቡን ያስታወቀን ሰው፣ ገና ዜጋ ሳይሆን፣ እስከ 1918 ድረስ ታስመርጠው ነበር። እኛ ዛሬ የምንሰማው ወቀሳ በእነርሱ ጊዜ ቢሠራ ኖሮ፣ አብዛኛው ባለ ጓል ቤት መሬቱን ባላገኘም ነበር።

እነርሱ ራሳቸውስ ቋንቋቸውን ለመተው ቸኩለው ነበርን? ወገናችን በጎበኟት በዚያችው ኤልክ ሆርን በ1878 በአገራቸው ሥርዓት የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ማለትም ወጣቶች ያለ ፈተና የሚማሩበትን ቤት፣ ከፈቱ። በ1887 ዳንስክ ፎልከሳምፉንድ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ዴንማርካውያን እንዳይበታተኑና የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይረሱ ብለው ነው። በሚኔሶታዋ ታይለር ዙሪያ ከባቡር ኩባንያ ጋር ተዋውለው፣ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ለዴንማርካውያን ብቻ እንዲሸጥ አድርገዋል። የእኛ ሰው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ያለ ውል ቢዋዋል ወገናችን የራዲዮው ሰዓት አይበቃቸውም ነበር። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ለሰመር ሲዘጋም ልጆቻቸውን ሰብስበው ዴንማርክኛ ማንበብ፣ መዝሙርና የአገራቸውን ታሪክ ያስተምሩ ነበር። የእኛ የቅዳሜ አማርኛ ከዚህ በምን ይለያል? የሚለይ ከሆነ በማነሱ ነው።

«በዓመቱ ለመዱ» የሚለውን ተረት ደግሞ የአዮዋ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ ራሳቸው ያፈርሱታል። ሜይ 23 ቀን 1918 ባወጡት አዋጅ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በስብከትም እንዳይነገር ከለከሉ፤ እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ቤቱ ሆኖ ያምልክ ተባለ። ሕዝቡ በዓመቱ እንግሊዝኛ ለምዶ ከነበረ ከአርባ ዓመት በኋላ በአዋጅ አፉን መዝጋት ለምን አስፈለገ? አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጋር ትዋጋ ስለነበር፣ አዋጁ የተወጠነው ጀርመኖችን ከመጥላት ነበር። ዴንማርክ በ1864 በጦርነት ተሸንፋ ሽሌስቪግ የተባለውን ግዛቷን ለፕራሻ (ለያኔዋ ኃያል የጀርመኖች መንግሥት) እና ለኦስትሪያ አስረክባ መውጣቷን፣ ከዚያ ምድር የመጡትም ብዙዎቹ ከፕራሻ የጦር ምልመላ የሸሹ መሆናቸውን ልብ ያለው የለም፤ በጀርመን ምክንያት አገሩን የለቀቀ ሰው በጀርመን ምክንያት ዝም በል ተባለ። አዋጁ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቢሻርም፣ ለእኔ ዴንማርክኛን ከአዮዋ ያስወጣው እርሱ ነው። ልጆቹ በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት የሚለኝ ካለ፣ በባቡር ውስጥ ከእናቱ ጋር እንዳያወራ የተከለከለ ልጅ ፈቃዱ የቱ ላይ እንደሆነ ያሳየኝ። የ2025ቱ ትእዛዝ በስልክ ማውራትን አልከለከለም፤ ይህን አምናለሁ። የሚደግፉት ሰዎች የሚያወሩት ታሪክ ግን ያንኛውን አዋጅ ጨርሶ የሰረዘ ታሪክ ነው።

ወገናችን ዳግመኛ ወደዚያ አካባቢ ከዘለቁ፣ ከወፍጮው አለፍ ብለው ወደ ቀደሙት ሰፋሪዎች የመቃብር ሥፍራ ጎራ ይበሉ። ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸውን ለማንበብ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል።