ዘንድሮስ የእኛ ነው! ውዳሴ ለዳላስ ካውቦይስ ደጋፊ

መስከረም ሲጠባ አገር ቤት አደይ አበባ ይፈነዳል። ዳላስ ደግሞ የካውቦይስ ደጋፊ ይፈነዳል። ሰማያዊ ኮከብ ያለበትን ማሊያ ከቁም ሳጥን ያወጣል፣ መኪናው ላይ ባንዲራ ይሰካል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ዘንድሮስ የእኛ ነው» ይላል። የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር የሚከፈተው እንቁጣጣሽ ሰሞን ስለሆነ እዚህ ላለነው አበሾች ነገሩ ይምታታብናል። «እንኳን አደረሰህ» ስትለው «አሜን፣ ዘንድሮስ አይቀርም» ብሎ ስለ ዋንጫ ይመልስልሃል።

በዚህ ሰው የሚሳለቅ ሞልቷል። የባላንጣው ቡድን አገር፣ የፊላደልፊያ ሕዝብማ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። እኔ ግን ላመሰግነው ተነስቻለሁ። እንዲህ ያለ ጽናት በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ዓመቱን በፈረንጆቹ ልቁጠረውና፣ ካውቦይስ ለመጨረሻ ጊዜ ሱፐር ቦውልን፣ ማለትም የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ ያሸነፈው ጥር 1996 ነው። ፒትስበርግ ስቲለርስን 27 ለ 17 ረታ። ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ልታሸንፍ ገና ስድስት ወር ይቀራት ነበር። ያን ዕለት የተወለደ ልጅ ዛሬ ፀጉሩ መሸሽ ጀምሯል፣ የቤት ብድር ይከፍላል፣ «ዘንድሮስ» ማለትንም ከአባቱ ወርሷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቡድኑ ለሱፐር ቦውል ቀርቶ ከዚያ በፊት ላለው የኮንፈረንስ ፍጻሜ እንኳ ደርሶ አያውቅም።

ታዲያ ምን ይጠበስ? አምስት ዋንጫ አለው። ማን ወሰደበት? «ነበር ባይሰበር» የሚለው ተረት ቴክሳስ አልገባም። «ላም አለኝ በሰማይ» ብላችሁም አትተርቱበት፤ የእሱ ላም ምድር ላይ ናት። ፍሪስኮ ከተማ፣ የቡድኑ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ትኬት ቆርጦ ገብቶ ያያታል፣ አብሯት ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ስለ ወተቷ አንስቶ አያውቅም።

ታሪክ ላይማ የሚችለው የለም። ስለ አምናው ጨዋታ ከጠየቃችሁት ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ስለ 1970ዎቹ ከጠየቃችሁት ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ቡድኑ በ1960 ሲመሠረት በመጀመሪያው ዓመት ከ12 ጨዋታ 11ዱን ተሸንፎ አንዱን አቻ እንደወጣ ሳያፍር ይነግራችኋል። ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ የሜዳው ጠርዝ ላይ የሚቆሙት ቶም ላንድሪ ያኔም አሰልጣኝ ነበሩ። ማንም አላባረራቸውም። 29 ዓመት ቆዩ። ከ1966 እስከ 1985 ድረስ 20 ሲዝን በተከታታይ ድላቸው ከሽንፈታቸው በለጠ። ሁለት ሱፐር ቦውልም በሉ።

ከዚያ ሮጀር ስቶባክ ይመጣል። ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ጨዋ፣ ጸሎተኛ ኳርተርባክ፤ ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች ማለት ነው። ታኅሣሥ 1975 ሚኒሶታ ላይ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት ኳሱን የቻለውን ያህል አርቆ ወረወረው። ድሩ ፒርሰን ያዘውና ቡድኑ አለፈ። ስቶባክ ሲጠየቅ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያምን ጠራሁ አለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የጭንቅ ሰዓት ረጅም ኳስ የሚጠራው በዚያ ጸሎት ስም ነው። ይህን ታሪክ የካውቦይስ ደጋፊ ሲያወራው አብሮ እንደወረወረ ነው የሚያወራው። የተወለደው በ1988 ቢሆንም።

«የአሜሪካ ቡድን» የሚለው ማዕረግም ከዚያው ዘመን ነው። አገሩ ድምፅ ሰጥቶ አልመረጠውም። የ1978ን ሲዝን የሚያሳይ ፊልም ያዘጋጁ ሰዎች ካውቦይስ በሄደበት ሜዳ ሁሉ ደጋፊ እንዳለው አይተው ስም አወጡለት፤ እሱም ሳያንገራግር ተቀበለ። የድሮው ስታዲየም ጣሪያ ደግሞ መሃሉ ክፍት ነበር። እግዚአብሔር የሚወደውን ቡድን እንዲያይበት ነው የምትል ቀልድ አለች፤ ተከላካዩ ዲ ዲ ሉዊስ ተናገራት ይባላል። በ2009 የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም ግን ጣሪያው ይዘጋል። ዋንጫው የጠፋው ከዚያ በፊት ስለሆነ በጣሪያው አናመካኝም።

አሁን ወደ ጋሽ ጄሪ እንምጣ። እርሳቸውን ሳያመሰግኑ ደጋፊውን ማመስገን ነውር ነው።

ጄሪ ጆንስ ቡድኑን የገዙት በ1989 ነው፤ ከስታዲየሙ መብት ጋር 140 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጡ። እንደገዙ ላንድሪን አሰናበቱና የኮሌጅ ጓደኛቸውን ጂሚ ጆንሰንን ሾሙ። ጓደኛ በመጀመሪያው ዓመት አንድ አሸንፎ 15 ተሸነፈ። ኮከብ ሯጩን ኸርሸል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጥቶ በምትኩ ወጣት ተጫዋቾችን የመምረጥ ዕድል ሰበሰበ። ከዚያ ትሮይ ኤክማን፣ ኤሚት ስሚዝ፣ ማይክል ኧርቪን አንድ ላይ ሲበስሉ የ1992ንና የ1993ን ሲዝን ዋንጫ በተከታታይ በላ። እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቁም። እውነት ለመናገር ያ ቡድን ያስፈራ ነበር።

ችግሩ ለድሉ ሁለት አባት መገኘቱ ነው። ጂሚና ጋሽ ጄሪ በ1994 ተለያዩ። ቀጥሎ የመጡት ባሪ ስዊትዘር በዚያው ተጫዋች የ1996ቱን ዋንጫ አነሱ። ጂሚን በቡድኑ የክብር መዝገብ ላይ ለማስፈር ጋሽ ጄሪ እስከ ታኅሣሥ 2023 ድረስ አሰቡበት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ታላቅ ሰው አይቸኩልም።

ከስዊትዘር በኋላ ሰባት ዋና አሰልጣኝ ተሾመ። ኳርተርባኩን ማን ቆጥሮት። ያልተቀየረው ተጫዋች የሚመርጠው፣ የሚገዛውና የሚሸጠው ጄኔራል ማናጀር ብቻ ነው። ለምን አይባረርም? ጄኔራል ማናጀሩን የሚያባርረው ባለቤቱ ነዋ። ባለቤቱ ጋሽ ጄሪ ናቸው። ጄኔራል ማናጀሩም ጋሽ ጄሪ ናቸው። በየዓመቱ የካቲት ላይ ግምገማ ሲቀመጡ ይታየኛል። አንደኛው ወንበር ላይ ሆነው ይጠይቃሉ፣ ወደ ሌላኛው ተሻግረው ግለ ሂስ ያወርዳሉ፣ ተመልሰው ይቅር ይላሉ። ቃለ ጉባኤውን ፈርመው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ የተሟላ ግምገማ እኔ ቀበሌ እንኳ አላየሁም።

ደጋፊውስ? ደጋፊው ጥር ላይ «ይህ ሽማግሌ ይልቀቅ!» እያለ ይጮኻል። ቴሌቪዥኑ ላይ ካልሲ ይወረውራል። ነሐሴ ላይ ግን አዲስ ማሊያ ገዝቷል። በዚህ መካከል ምን እንደተፈጠረ ሳይንስ ይመርምረው። ስታዲየሙ በየጨዋታው በአማካይ ከ90 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። በ140 ሚሊዮን የተገዛው ቡድን በ2024 በፎርብስ ግምት ከ10 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በ2025 ደግሞ 13 ቢሊዮን ገባ። ዋንጫ በሌለባቸው ዓመታት ነው ይህ ሁሉ ያበጠው። ከጋሽ ጄሪ ወገን ሆኜ ሳየው ነገሩ ይገባኛል። ዋንጫ የበላ ደጋፊ ይጠግባል፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ዕቃ አይገዛም። የተራበ ግን ገበያ ይወጣል። ደጋፊው በገዛ እጁ ማሸነፍን ትርፍ ነገር አድርጎታል። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

የስታዲየሙን መስኮት ነገርም ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሕንፃው በምዕራብ በኩል ትልልቅ መስታወት አለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ ትገባና የተጫዋቹን ዓይን ትወጋለች። ኅዳር 2024 ከፊላደልፊያ ጋር ሲጫወቱ ኳስ ተቀባዩ ሲዲ ላም ለታችዳውን (እንደ ጎል ቁጠሩት) የተላከለትን ኳስ በፀሐይዋ የተነሳ አላየውም። 34 ለ 6 ተሸነፉ። መጋረጃ ይሰቀል ሲባል ጋሽ ጄሪ እምቢ አሉ። ለሙዚቃ ኮንሰርት ሲሆን ግን መጋረጃ ይሰቀላል። ከቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ቤት መጋረጃ የሚሰቀልለት ለዘፋኝ ነው። ደጋፊው ይህንንም ሰማ፤ ትንሽ አጉረመረመና ለቀጣዩ ሳምንት ትኬት ቆረጠ።

ደጋፊው ደምቆ የሚታየው ግን ጥር ላይ ነው። ጥሎ ማለፉ የሚጀመረው በገናና በጥምቀት ሰሞን ነው። ካውቦይስ ደግሞ ሃይማኖተኛ ቡድን ስለሆነ ለበዓሉ ቤቱ መግባት ይወዳል። ከ2007 ጀምሮ እስከ 2024 ድረስ ከጥሎ ማለፍ የተሰናበተባቸውን ቀኖች ብታዩ፣ አንዱ ሲቀር ሁሉም ከጥምቀት በፊት ናቸው። ታቦት ሳይወጣ ካውቦይስ ይገባል።

በ2007 በገና ዋዜማ ሲያትል ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷቸው፣ ልጅ የሚያገባው የሚመስል ቅርብ ምት አገኙ። ቶኒ ሮሞ ኳሱን ለመቺው አስተካክሎ ሊያቆም ሲል አመለጠው። 21 ለ 20። በ2015 ግሪን ቤይ ላይ ኳስ ተቀባዩ ዴዝ ብራያንት የተወረወረለትን ኳስ ዘሎ ያዘው። ዳኞች መጀመሪያ ይዞታል አሉ፣ ቪዲዮ አይተው አልያዘውም አሉ። ሊጉ በ2018 ደንቡን ቀየረ፤ በአዲሱ ደንብ ይዞታል ይባል ነበር። ደጋፊው ይህን ጉዳይ እንደ ርስት ክርክር ይዞታል። ዴዝ ጫማ ከሰቀለ ቆይቷል፣ ክርክሩ ግን ገና ቀጠሮ ላይ ነው። በ2022 ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር 14 ሴኮንድ ሲቀር ኳርተርባኩ ዳክ ፕሬስኮት ኳሱን ይዞ መሃል ሜዳውን ሮጠ። ጥሩ ሮጠ። ተነስተው ሌላ ኳስ ሊጫወቱ ሲሉ ሰዓቱ አለቀ።

ጥምቀትን ያለፈው አንዱ የ2023ቱ ነው። እስከ ጥር 14 ቆዩ፤ ደጋፊው ተአምር ነው አለ። በመጨረሻዋ ሙከራ ሯጩን ኤዘኪየል ኤሊየትን መሃል ላይ ኳስ አቀባይ አደረጉት። በሥራው ያልነበረ ሰው ነው። ኳሱን እንዳቀበለ ተፈናጥሮ ወደቀ፣ ጨዋታውም እዚያው አለቀ። በዓመቱ ደግሞ ሜዳቸው ላይ ሲዝኑን ሙሉ ሳይሸነፉ ቆይተው ግሪን ቤይ መጣ። ከምድቡ ሰባተኛ ሆኖ የገባ፣ በዕድሜ ለጋ ቡድን ነው። ዕረፍት ላይ 27 ለ 7 ይመራቸው ነበር። ያለቀው 48 ለ 32 ነው። በበነጋው ደጋፊው አንገቱን ደፍቶ ሥራ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ «ልብ በሉ፣ 32 ነጥብ ማስቆጠር ቀላል አይደለም» አለ።

እዚህ ላይ ጠላቶቹንም ላመስግን። ካውቦይስ ሲሸነፍ ለማየት ብሎ ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሰው ከደጋፊው አይተናነስም። በ2022 የምስጋና ቀን ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር የተደረገውን ጨዋታ 42 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ለመደበኛ ሲዝን ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። ግማሹ እየጸለየ፣ ግማሹ እየተራገመ። ማስታወቂያው ለሁለቱም እኩል ይታያል። ጋሽ ጄሪ በሁለቱም ይባረካሉ።

የእኛም ሰው ወደ ዳላስና ጋርላንድ ሲመጣ ይህ ፍቅር ይጋባበታል። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን እስከ አምስተኛው ወር ድረስ «ይሄ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች ግብግብ ምኑ ኳስ ነው» ይላል። በስድስተኛው ወር ኮከቡ መኪናው ላይ ተለጥፏል። በተለይ ከአገር ቤት የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሆኖ የመጣ ሰው አይቸገርም። ከሰር አሌክስ መሄድ ወዲህ ስልጠናውን ጨርሶ ነው የመጣው።

ለአዲስ ገቢዎች አንድ ምክር አለኝ። ማሊያ ስትገዙ የማን ስም እንዳለበት ተጠንቀቁ። በነሐሴ 2025፣ ሲዝኑ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጋሽ ጄሪ የቡድኑን ምርጥ ተከላካይ ማይካ ፓርሰንስን ለግሪን ቤይ ሸጡት። 11 ቁጥር የገዛ ሁሉ የጠላት ማሊያ ለብሶ ቀረ። ከወር በኋላ ፓርሰንስ ከአዲሱ ቡድኑ ጋር ሲመጣ ጨዋታው 40 ለ 40 አቻ አለቀ፤ ደጋፊው «አየህ፣ ያለሱም እንችላለን» አለ። ስለዚህ የሚጫወት ሰው ስም አትግዙ። የጡረተኛ ግዙ። ኤሚት ስሚዝ ጥሩ ነበር፣ ግን እሱም መጨረሻ ላይ ሁለት ዓመት አሪዞና ተጫውቷል፤ ጭቅጭቅ ያመጣል። 12 ቁጥር፣ ስቶባክ ይሻላችኋል። ሌላ ቡድን ገብቶ አያውቅም፣ ማንም ሊሸጠው አይችልም፣ ከ1979 ወዲህም አንድ ጨዋታ አልተሸነፈም።